ፋሻው ሲፈታ

ከሞላሌ ተነሥተን፣ ጣርማበርን አልፈን፣
በደብረ ብርሃን ውርጭ ጆሯችንን ተገርፈን፣
አባቴን መራሁት፣ ሁለት ዓይኑ ሞራ፣
«ነፃ ሕክምና መጣ» ሲል ቀበሌው ቢጣራ።
አንዱን ዓይኑን ገፈው በፋሻ አሰሩት፣
ሌላውን፣ ተራው እስኪደርስ፣ ከነሞራው ተዉት።

ከጎኑ ባለው አልጋ፣ ልክ እንደሱ ታስሮ፣
ሌላ ሽማግሌ አለ፣ ድምፁ እንደ ከበሮ።

አባቴ አላወቀውም። እኔ ግን አወቅሁት፣
በመዳፉ ጠባሳ፣ ፍም ባኘከው ጣት።
ከወንዙ ማዶ ያለ፣ የማረሻችን ጌታ፣
«ጅብ ሆኖ ይወጣል» የሚሉት ማታ ማታ፤
እናቴ በልጅነቴ፣ ሲያልፍ በገበያ መንገድ፣
ፊቴን ትሸፍን ነበር፣ ስትርበደበድ።
ስም አልነበረውም፤ «ቀጥቃጩ» ነው ስሙ።
ድምፅም አልነበረው፤
ከሩቅ እንሰማለን ብረትና ብረት ሲጋጠሙ።

«ማን ልበል?» አለ አባቴ፣ ወደ ጎን ዞሮ።
«ሸዋንግዛው።»

ሦስት በግ፣ አንድ ወናፍ፣ አንዲት ጎጆ ላለው
ምን አልማ ይሆን እናቱ እንዲህ ስትለው?
«ይሄስ የመኳንንት ስም ነው» ብሎ አባቴ አደነቀ፤
ሸዋንግዛው አዎም፣ አይደለምም ሳይል ሳቀ።

ሦስት ቀን አወሩ። ስለ በግ ጠጉር ዋጋ፣
ውርጭ ስለመታው ገብስ፣ ጓሳ ስለሚታጨድበት በጋ።
ሌሊት አባቴን ጠምቶት ኩባያ ቢፈልግ በዳሰሳ፣
ያ የተቃጠለ እጅ ቀድሞ ደርሶ አነሳ።
በአንድ ኩባያ ጠጡ።
እኔ አየሁ። ቃሉ አፌ ላይ ነበረ፦ «አባዬ፣ እሱ እኮ ነው...»
ለምን እንደዋጥሁት እስከ ዛሬ አላውቅም።
ደግነት አይደለም።
ዓይኑ ከጠፋ ወዲህ አባቴ እንዲያ ስቆ አያውቅም።

በሦስተኛው ሌሊት፣ አባቴ ሲያንኮራፋ፣
«የእርገጤ ልጅ» ሲለኝ፣ እንቅልፌ ጠፋ።
«ሳሉ ነው የነገረኝ። ሃያ ዓመት ከአጥሩ ውጪ ቆሜ
ሰምቼዋለሁ፣ እህል መሬት ላይ ሲያፈስልኝ ለድካሜ።
አትንገሪው። ይጫወት።
ነገ ያያል።»

ጠዋት ነርሷ መጣች። ፋሻው ተፈታ።
አባቴ መጀመሪያ ብርሃን አየ፣ ቀጥሎ መስኮት፣
ቀጥሎ ከፊቱ፣ አንድ ክንድ በማይሞላ ርቀት፣
ጢስ ያቀላውን፣ እሳት ሲያይ ያረጀውን፣
ዕድሜውን ሙሉ ሲሸሸው የኖረውን
ያንን ዓይን አየ።

እጁ ወደ አንገቱ ሄደ። ወደ ክታቡ።
እዚያው ቆየ።
ነርሷ ጠብታውን ጨምራ፣ ጋሪዋን እየገፋች ወጣች፤
እጁ አሁንም እዚያው ነው።
ከዚያ «ሸዋንግዛው» አለ። በስሙ።
ሌላ ምንም አላለ።

ስንመለስ በቅጥቅጥ አውቶብስ ጎን ለጎን ተቀመጡ።
ጣርማበር ላይ ጭጋጉ መስኮቱን ሲያለብስ፣ ወንበሩ ሲንገጫገጭ፣
«ይሄም የኔው ዘመድ ነው፣ ስሙን ስሙት» አለ ሸዋንግዛው።
ተሳፋሪው ሳቀ። አባቴ ግን
የዳነውን ዓይኑን በጋቢው ጫፍ ጠረገ፣
ሐኪሙ እንዳይነካው ያለውን።

እናቴ ጠላ ቀዳች። ለአባቴ በዋንጫ፣
ለእንግዳው፣ ከደጅ ለቆመው፣ በዛገ ጣሳ።
አባቴ ምንም ሳይናገር ጣሳውን ለራሱ አነሳ።
ዋንጫው በሸዋንግዛው እጅ ተንቀጠቀጠ፣
መዶሻ ይዞ የማይንቀጠቀጥ እጅ።

ማታ ዋንጫውን በአመድ ሦስት ጊዜ አጠበች፤
አባቴ ቀና ብሎ ሲያያት፣ አራተኛውን ተወች።

ዘንድሮ ማረሻችን ዶለዶመ።
አባቴ ራሱ ተሸክሞ ወንዙን ተሻገረ።
ከሰዓት ሙሉ መዶሻ አልተሰማም።
«ምን ሆነው ነው?» አለች እናቴ፤ ከደጅ ቆማ ጆሮዋን ጣለች፤
እኔን ላከች።

ደረስሁ። ፍሙ ከስሟል፣ ወናፉ ተንጋሏል፣
ማረሻው እንደ ዶለዶመ ነው፤
ሁለቱ ሽማግሌዎች፣ በየአንድ ዓይናቸው ተፋጠው፣
ስለ በግ ጠጉር ዋጋ ይጣላሉ።